ባትሪው 30 ከመቶ ሲል ምን ማለቱ ነው?

ላፕቶፕ ሻጮች የማትጠፋቸው አንዲት መልስ አለች፤ «አራት ሰዓት ይይዛል»። ምን ሲሠራበት? ስክሪኑ ምን ያህል ደምቆ? ገዢው አይጠይቅም፣ ሻጩም አይነግረውም። በዚህ ላይ «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፣ ከዚያ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ እንዳይሰካ» የሚል ምክር ይመረቅለታል። ምክሩ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ቅርስ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምክሩ ግን ዛሬም ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የሊቲየም ባትሪን በየቀኑ እስከ ዜሮ ማውረድ ቶሎ ያስረጀዋል።

ሌላው የሚያናድደው ማብራሪያ መቶኛውን በቀጥታ ተለክቶ እንደተገኘ ነገር አድርጎ የሚያልፈው ነው። መቶኛው ግምት ነው።

ግምቱን የምታወጣው ባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ፣ ሊያልቅ ሲል 3 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ቮልቴጁን አይቶ መፍረድ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መሐል ላይ ቮልቴጁ ለረጅም ጊዜ እምብዛም አይወርድም። ሥራ ሲከብድ ዝቅ፣ ሲቀል ደግሞ መልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቺፗ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየቆጠረች መያዝ ግድ ሆነባት።

ጉዳዩ የጎተራ ጠባቂ ጉዳይ ነው። ጠባቂው ክዳን ከፍቶ ማየት አልተፈቀደለትም፤ የገባውንና የወጣውን ቁና በደብተር ይመዘግባል። በየቁናው ጥቂት ፍሬ ቢስት ከወራት በኋላ ደብተሩና ጎተራው አይገናኙም። አይጦችም አሉ፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ እያለ በራሱ የሚባክነው ኃይል ማለት ነው። ጎተራው ራሱ በየዓመቱ ግድግዳው ወደ ውስጥ እየወፈረ ይጠባል፤ ይህ እርጅናው ነው። ጠባቂው መጥበቡን በትክክል የሚያውቀው ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቶ እስከ ወለሉ ሲራገፍ ነው። ከቤቱ ሰዎች ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን ሳያቋርጥ የሚቆረጥም አጎት ነው፣ ብሮውዘሩ ጠግቦ የማያውቅ ጎረምሳ፣ የቪዲዮ ስብሰባ ከነጓደኞቹ የሚመጣ እንግዳ። ቤተሰቡ ከዚህ በላይ ሳይበዛ ወደ ቁጥሩ።

እስካሁን የተባለው ይህ ነው፤ መቶኛው የደብተር ሒሳብ ነው፣ ደብተር ደግሞ ይሳሳታል።

ዊንዶውስ ላይ በትእዛዝ መስኮት «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለው ትእዛዝ «ባተሪ ሪፖርት» ከሚለው ቅጥያ ጋር ሲጻፍ ሁለት ቁም ነገር ያለው ሰነድ ይወጣል። አንዱ ባትሪው ሲመረት እንዲይዝ የታሰበው ነው፤ ሌላው አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 38,000 ከሆነ፣ የቀረው አቅም 76 ከመቶ ነው። ጽሑፍ ሲጻፍበት 7 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በዚህ ባትሪ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል፤ ቪዲዮ ስብሰባ ላይ 19 ዋት ቢወስድ ሁለት ሰዓት። ሻጩ «አራት ሰዓት» ሲል ውሸታም አልነበረም፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነው ያቆመው።

ሚሊአምፒር ሰዓትን ብቻ አይቶ ባትሪ ማወዳደርም ሌላ ወጥመድ ነው። 4,400 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በ11.1 ቮልት 49 ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በ14.8 ቮልት 65 ይሆናል። አየር መንገዶችም የሚጠይቁት ዋት ሰዓቱን ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ነው። የትልልቆቹ ላፕቶፖች ባትሪ 99 ምናምን ላይ መቆሙ በአጋጣሚ አይደለም።

ወደ ግምቱ ስንመለስ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ያደረገው አከራካሪ ነበር። የአዲሱ ማክቡክ ፕሮ ገዢዎች ባትሪው ቶሎ ያልቃል ብለው ሲያማርሩ፣ ኩባንያው «ይህን ያህል ሰዓት ይቀራል» የሚለውን ግምት ከስክሪኑ አናት አነሣው። ምክንያቱ ግምቱ ትክክል አለመሆኑ ነበር። እውነት ነው፤ ፕሮሰሰሩ በየሰከንዱ ፍጆታውን ይለዋውጣል። ታዲያ መቶኛው ለምን ቀረ? እሱም ግምት ነው! ሰዓቱን ማንሣት ቅሬታውን አላቀለለም፤ ማስረጃውን ብቻ ሸሸገ። ያለፈውን አንድ ሰዓት አማካይ ፍጆታ ማሳየት ይቻል ነበር።

የባትሪ ሪፖርቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጥገና ወደሚሠራበት ቦታ አንዲት ተማሪ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ነበር። ሪፖርቱ ሲታይ ሁለቱ ቁጥሮች እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እኩል ናቸው፤ ዓመታት ያገለገለ ማሽን እንደ አዲስ! ባትሪው ግን 30 ከመቶ እያለ ድርግም ይላል። ተፈታ፤ ሴሎቹ አርጅተዋል፣ የቺፗ ደብተር ግን ተሰርዞ እንደ አዲስ ተጽፏል። ሁልጊዜ ተንኮል አለ ማለት አይደለም። አንዳንድ ላፕቶፕ ስንት ዙር እንደሞላና እንዳለቀ ጭራሹን አይመዘግብም፤ በተከታታይ ከተያያዙት ሴሎች አንዱ ብቻ ሲደክምም ሌሎቹ ኃይል እያላቸው ማሽኑ ይጠፋል።

እርጅናውን ለማዘግየት ሌኖቮ፣ ዴልና አሱስ ቻርጁ ከ100 በታች እንዲቆም የሚያደርግ ቅንብር አላቸው። ሞልቶ በሙቀት መቆየት ባትሪውን ስለሚያስረጀው፣ ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ለሚውል ሰው ይበጃል። እንከኑ ጠባቂው ጎተራውን ሞልቶ ስለማያየው ደብተሩ ቀስ በቀስ መሳሳቱ ነው። በየጥቂት ወሩ ገደቡን አንሥቶ መሙላት፣ ሞልቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ እስኪጠፋ መጠቀም፣ ከዚያ መልሶ መሙላትና ገደቡን መመለስ በቂ ነው።