ስዊቹን ምን አቃጠለው?

ጣሪያው ከጋራዡ በር ስለሚረዝም ሞተርሆሙ የሚሠራው ውጭ፣ ግቢው ላይ ነው። ቦታው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው አውሮራ። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው መፍቻም ሆነ ቴስተር ገና አላነሳም፤ ባለቤቶቹን እያዳመጠ ነው። አባወራው ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አልጋና ምድጃ ያለውን ይህን መኪና ያገለገለ የገዙት ከባለቤታቸው ጋር ልጆቻቸው ወዳሉባቸው ከተሞች፣ በጁላይ 4 ሰሞንም የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ወደሚካሄድበት ሁሉ እየነዱ ለመሄድ ነው።

«ልጄ፣ ሞተሩስ ጤነኛ ነው» አሉ አባወራው። «ቁልፉን መልሼ ሳዞረው ይነሳል።»

«ጋሼ፣ ሲጠፋብዎት የት ነበሩ?»

«ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ። አንዲት ትንሽ ጉብታ ነጠር ስታደርገን ዳሽቦርዱ ጨለመ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እግዜር ሲያወጣን ማርሹን ፎሌ አድርጌ ቁልፉን ባዞረው ተነሳ።»

ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ዴንቨር የሚወርደው አውራ ጎዳና ፍሬናቸው ግሎ አልይዝ ላላቸው ከባድ መኪኖች የማምለጫ መንገድ ሁሉ የተሠራለት ነው። ስድስት ቶን የሚጠጋ መኪና እዚያ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ መሪውን የሚያቀለው የዘይት ግፊት ይቆማል፤ የፍሬኑም እገዛ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። «መልሶ ይነሳል» የሚለው ወሬ ባለሙያውን ያላጽናናው ለዚህ ነው። ጨርሶ አልነሳም ያለ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ጠፍቶ የሚነሳው ግን ሰው ጭኖ ይወጣል።

«ማራገቢያውንም ንገረው እንጂ» አሉ ባለቤታቸው። «በየጉብታው ይቆማል። ማቀዝቀዣውን የሚያስሠራው ባትሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነድተን ማታ ባዶ ነው። አዲስ ገዝተንለትም ያው ነው። ላስቲክ ላስቲክም ይሸታል።»

ባለሙያው አራቱንም ቅሬታ በአንድ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፋቸው። ለባለቤቶቹ አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ እሱ ግን አራቱም የሚያልፉበትን አንድ በር እየፈለገ ነበር።

ሞተርሆም ሁለት ዓይነት ባትሪ ይሸከማል። አንደኛው ሞተሩን ያስነሳል። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ሌላውን የቤት ዕቃ ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም እንዲሞላ በመካከላቸው ትልቅ ሪሌ ይቀመጣል። ይህ ሪሌ በብዙ ሞተርሆሞች ላይ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁልፉ ሲዞር በሚከፈተው መስመር በኩል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው። ያ መስመር ከደከመ ሪሌው አይገጥምም፤ የቤቱ ባትሪም ከመንገዱ ምንም አያገኝም። ባልና ሚስቱ ገንዘባቸውን ያወጡት ምንም ባልበደለ ባትሪ ላይ ነበር።

ቁልፉ የሚገባበትና ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ክፍል አንድ ዕቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ሥራው ጥርሱን አይቶ መፍቀድ ወይም መከልከል ነው። ኢግኒሽን ስዊች የሚባለው ግን በዚህ መኪና ላይ ከመሪው ዘንግ ጋር ታስሮ ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል። ሲሊንደሩ ሲዞር አንዲት ቀጭን ብረት ስዊቹን ትገፋለች። ሲሊንደሩ ቢቀየር ኖሮ ቁልፉ ልስልስ ብሎ ይዞር ነበር፤ ሞተሩ ግን ቁልቁለቱ ላይ መጥፋቱን አይተውም።

ከእ.ኤ.አ. 1912 ጀምሮ ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲገጥም ሾፌሩ ማኒቬላ ከማዞር ተገላገለ። በ1949 ደግሞ ክራይስለር ሞተር ማስነሳቱን ራሱን ቁልፍ ማዞሪያው ላይ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው፣ ራዲዮኑ፣ መጥረጊያውና የዳሽቦርዱ ሰዓቶች ሁሉ ፈቃድ የሚጠይቁት ከዚያችው ስዊች ሆነ። ሞተርሆም ላይ ሲሆን ሸክሙ ይብሳል። ሻሲውንና ሞተሩን አንድ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቤቱን ሌላ ድርጅት ያንጽበታል፤ በኋላም እያንዳንዱ ባለቤት የየራሱን ሽቦ ይጨምርበታል።

ባለሙያው ቴስተሩን አነሳ። የሞተሩ ባትሪ ባዶውን 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው። ቁልፉን አዙሮ፣ ማራገቢያውንና ከዚያ መስመር የሚወስደውን ሁሉ ከፍቶ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በስዊቹ መግቢያ፣ ሌላውን በመውጫው ላይ ነካ። በጤነኛ ስዊች ላይ የሚጠፋው ከ0.2 ቮልት አይበልጥም። እዚህ 2 ቮልት ጠፋ። ሽቦውን አቅፎ የሚለካው መሣሪያ ደግሞ 20 አምፒር አለፈ አለ። ሁለቱ ሲባዙ 40 ዋት ነው፤ የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መበየጃ የሚፈጀውን ያህል ሙቀት፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማትበልጥ ፕላስቲክ ውስጥ። የላስቲኩ ሽታ ከየት እንደመጣ ታወቀ።

እዚህ ላይ ስዊቹን ቀይሮ መሸኘት ይቻል ነበር።

በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ግን ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ሁለት ዓመታትን አይረሳም። በ1996 ፎርድ ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ጠርቶ ስዊቻቸውን እንዲቀይር ተገደደ፤ ውስጣቸው እየተገናኘ ይግልና አንዳንዶቹ መኪኖች ቆመው ሳለ እሳት ይነሳባቸው ነበር። በ2014 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ትናንሽ መኪኖችን ጠራ። ቁልፉን በቦታው የሚይዘው ሞላ ደካማ ስለነበር ጉብታ ወይም ከባድ የቁልፍ ጉንጉን ሲነካው ሞተሩን ያጠፋው ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ኤርባጉም አይፈነዳም። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። ባለሙያውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሌላው የታሪኩ ክፍል ነው፦ ዕቃው በ2006 ሲሻሻል የመለዋወጫ ቁጥሩ አልተቀየረም። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቁጥር ስለተጠሩ ልዩነቱ ለዓመታት ተደብቆ ቆየ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ቁጥሩን አንብቦ ብቻ የማይረካው፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያያቸው ስለዚህ ነው።

ከመፍታቱ በፊት ጎማዎቹን በታኮ አስያዘ። የሁለቱንም ባትሪ ኔጌቲቭ ነቀለ፤ ከግቢው የመጣውን የኤሌክትሪክ ገመድ አላቀቀ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ሶላር ሳይቀር አቋረጠ። ባትሪው ተነቅሎም ፀሐይ ካለች ከሶላሩ የሚመጣው መስመር ሕያው ነው። የመሪው ዘንግ አጠገብ ኤርባግ ስላለ የቀረ ኃይል ካለ እንዲሟጠጥ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ የታችኛውን ሽፋን አውርዶ እያንዳንዱን ሶኬት በስልኩ ፎቶ አነሳና በጀርባው ተኝቶ ሁለቱን ብሎን ፈታ።

ሶኬቱ አልወጣም አለ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከስዊቹ ጋር ተጣብቋል።

ስዊቹ በመጨረሻ ሲወጣ ባለሙያው ወደ ቆሻሻ አልጣለውም። ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ ነው፤ ሶማሌ ተራ ተዞሮ መለዋወጫው ከጠፋ ስዊቹ ይከፈታል፣ መዳቡ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። አውሮራ ውስጥ አዲሱ ዕቃ በማግሥቱ ይደርሳልና ያን ማድረግ አያስፈልግም። መክፈቱን ግን አልተወም። ጆሮዎቹን በካቻቪቴ ፈልቅቆ ክዳኑን አነሳና ለአባወራው አሳያቸው። ሞተሪኖውን የሚያዘው መዳብ ወርቅ መስሎ ያበራል። ማራገቢያውን፣ ሪሌውንና ሞተሩን ራሱን የሚመግበው ግን ጠቁሯል፣ ጫፉ ተበልቷል፤ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ እንደ ሰም ወርዷል።

«ጋሼ፣ ይኸው። ሁሉም ቢያረጁ እርጅና ነው እንል ነበር። አንዱ ብቻ ነው የተቃጠለው፤ ሸክም በዝቶበት ነው።»

የተቃጠለውን መስመር ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ሲሄድ ቀድሞ የነበረ ባለቤት በመቆንጠጫ የጠለፈውን ሌላ ሽቦ አገኘ። ከዚያ ላይ ሁለት የጣሪያ ማራገቢያ፣ የኋላ ካሜራና አነስተኛ ኢንቨርተር ይጠጣሉ። ፊውዙ በትልቅ ፊውዝ ተተክቷል። የዳሽቦርዱ ማራገቢያም ኩሽኔታው ደርቆ በእጅ ሲዞር ይከብዳል፤ የከበደ ሞተር ብዙ አምፒር ይስባል። አዲሱ ስዊች እዚያው ሽቦ ላይ ቢገጠም የአሮጌው ዕጣ ይጠብቀው ነበር።

ስለዚህ ከስዊቹ ጋር የቀለጠው ሶኬትም ተቀየረ። የተጨመሩት ዕቃዎች የራሳቸው ፊውዝና ሪሌ ተደረገላቸው፤ አሁን ኃይላቸውን በቀጥታ ከባትሪ ይወስዳሉ፤ ከስዊቹ የሚጠብቁት የሪሌውን ትንሽ ትእዛዝ ብቻ ነው። ዋናው ፊውዝ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ማራገቢያውም በአዲስ ተተካ።

ከሁሉ ጊዜ የወሰደው ማስተካከሉ ነው። አዲሱ ስዊች በአንዲት ሚስማር ተይዞ ይመጣል፤ ሚስማሯ የምትወጣው ሲሊንደሩና ስዊቹ በአንድ ቦታ ላይ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ከተዛነፈ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ሞተሪኖው አልለቅ ብሎ ሲዞር ይቃጠላል። ባለሙያው ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ይዞ ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል አዞረ፤ በየቦታው ቆሞ ቮልቱን ለካ፤ ከዚያ አጠበቀ። የሠራውን፣ ቀኑንና የፊውዞቹን ልክ በትንሽ ካርድ ጽፎ ከሽፋኑ ውስጥ አሰረው። ነገ ያን ሽፋን የሚያወርድ ሌላ እጅ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሞተሩ ሲነሳ የቤቱ ባትሪ 12.2 ላይ ነበር። ቁጥሩን ከማቀዝቀዣው አጠገብ ካለው መለኪያ ጮክ ብለው ያነበቡት እናትየው ናቸው፤ 12.9፣ 13.5፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 14.1። አባወራው መሪውን ያዙ፣ ባለሙያው አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እናትየው ከኋላ ሆነው እጃቸውን ወደ ማራገቢያው አፍ ዘረጉ። ግቢው መውጫ ላይ ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ አለ። የፊት ጎማዎቹ ወጡ፣ ወረዱ፤ የኋላዎቹም ተከተሉ።

«ነፋሱ አልቆመም» አሉ እናትየው።