«ዶክተር» ከመባል በፊት ያለው ፈተና

በአገራችን አንዲት ልጅ ሕክምና ትምህርት ስትመደብ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሰፈሩ «ዶክተር» ይላታል። እናት ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ «ዶክተርዬ ደወለችልኝ» ትላለች፤ አያትም የጉልበታቸውን ሕመም ለእረፍት እስክትመጣ ያቆዩላታል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ስምና በሥራው መካከል ብዙ ቤተሰብ በቅጡ የማያውቀው አንድ በር አለ። እሱም በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ነው።

ተማሪዋ ለዓመታት በክፍልና በሆስፒታል ተምራ፣ የመጨረሻውን ዓመት ኢንተርን ሆና፣ ተረኛ እያደረች በሽተኛ ተከታትላ ትመረቃለች። የጋውን ፎቶዋ ሳሎን ይሰቀላል። የሙያ ፈቃድ ሳታገኝ ግን በሐኪምነት መሥራት አትችልም፤ ለፈቃዱ ደግሞ ምዘናውን ማለፍ ግድ ነው። ምዘናው ለሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችም ይፈተናሉ። እንግዲህ ቤተሰብ «ተገላገልን» ብሎ በሚያርፍበት ሰሞን ልጅቷ ከባዱን ጊዜ ልትጀምር ትችላለች።

ምን ይጠየቃል?

ጥያቄዎቹ ምርጫ ያላቸው ናቸው። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማሕፀንና ጽንስ ሕክምና፣ የኅብረተሰብ ጤና ሁሉ ይነሳሉ። ምርጫ ስላላቸው ግን ቀላል እንዳይመስሏችሁ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቡ።

የዓመት ተኩል ሕፃን በተቅማጥና በትውከት ደክሞ መጣ። ክብደቱ 10 ኪሎ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ መጠጣት አቅቶታል፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ምን ይደረግ? በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፦ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዩ 2 ሰዓት ተኩል በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር። ለዚህ ሕፃን በ3 ሰዓት 1 ሊትር ማለት ነው። ቁጥሩን የሸመደደ ተማሪ ይመልሰዋል።

አሁን «የክንዱ ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። መልሱ ተለወጠ። ሕፃኑ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያን ያህል ፈሳሽ በፍጥነት ቢገባበት ልቡ ላይችለው ይችላል። የዓይኑ መጎድጎድም ከመክሳቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሾክ ውስጥ ካልገባ በቀር ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት የተዘጋጀው ፈሳሽ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ቀስ እየተባለ ይሰጠዋል። በነርስነት የሠራ ሰው ያቺ አንዲት መስመር ዋርድ ውስጥ የሕይወትና የሞት ልዩነት እንደሆነች ያውቃል። ፈተናው ልጆቻችንን ለማስጨነቅ የመጣ ሳይሆን የእኛኑ የልጅ ልጆች የሚጠብቅ መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው።

አያት ፈታኝ ሲሆኑ

ብዙ ተማሪ የሚያጠናው ደብተሩን ደጋግሞ በማንበብ ነው። ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሮዲገርና ካርፒኪ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ ከሞከሩት ጋር አነጻጽረዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው እያወጡ የተለማመዱት የበለጠ አስታወሱ።

ለዚህ ልምምድ ቤተሰብ ጥሩ አጋዥ ነው። አያት ሕክምና ማወቅ አይጠበቅባቸውም። «እስቲ ስኳር በሽታ እንዴት እንደሚመጣ ንገሪኝ፤ ምን ምልክት አለው? መጀመሪያ ምን ታዥልኛለሽ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅቷ ደብተር ሳታይ፣ አያቷ በሚገባቸው አማርኛ ካስረዳች ነገሩን ይዛዋለች። ከተንተባተበች የምታጠናውን አወቀች። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ያንኑ ርዕስ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ መጠየቅ ደግሞ የበለጠ ያጸናዋል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። የተጠና ነገር በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። በቡናና በጫት እንቅልፍን አባርሮ ማንጋት ያጠኑትን መበተን ነው። በዚያ ሰሞን እንግዳ ይቀነስ፤ የሠርግና የለቅሶ መልእክተኛ ሌላ ሰው ይሁን።

ገንዘብ ላይም ተጠንቀቁ። «ፈተናው ወጥቷል፣ ከነመልሱ እንሸጣለን» የሚሉ በቴሌግራም ሞልተዋል። ልጃችሁ ለዚህ ብር ብትጠይቅ አትስጡ። የተሰረቀ መልስ ይዞ ዋርድ የሚገባ ሐኪም ያስፈራል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚሸጠው ውሸት ነው።

ካላለፈችስ?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ስድስት ዓመት «ዶክተር» እየተባለች የኖረች ልጅ ውጤቷን ለቤተሰቧ ለመናገር ታፍራለች። አንዳንዱ «ውጤት አልወጣም» እያለ ወራት ይገፋል፤ ብቻውንም ይሰቃያል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ቁጭ በሉና «ብታልፊም ባታልፊም መጀመሪያ ለእኛ ንገሪን፤ ለጎረቤት የሚነገረውን አብረን እንወስናለን» በሏት። ያላለፈ ተማሪ ዳግመኛ መፈተን ይችላል። የሚጠቅመው በየትኛው ክፍል እንደደከመች ለይቶ በዚያ ላይ ማተኮር ነው፤ «የእገሌ ልጅ አለፈ» የሚል ወሬ አይጠቅማትም።

ምግብ ከተወች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ከሰው ከሸሸች ወይም «መኖሬ ምን ያደርጋል» ካለች ግን ነገሩ ከጥናት አልፏል። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ እንድትናገር በር ይከፍትላታል። ብቻዋን አትተዉአት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ውሰዷት።

«ዶክተር» የሚለው ስም ከፈቃዱ ጋር ይመጣል። እስከዚያው ቤት ውስጥ ያወጣችሁላትን ስም ጥሯት፤ በእሱ ስትጠራ ማንም አይፈትናትም።