ኸሽም ኤል ቂርባ፤ በአንድ ዕቅድ የተሠሩ መንደሮች

ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ኸሽም ኤል ቂርባ የተባለች ከተማ ትገኛለች። ስሟ በዐረብኛ የውሃ አቁማዳ አፍ ማለት ነው። ከላስታ የሚነሣው ተከዜ፣ በቆላው ሰቲት ተብሎ፣ ከጎንደር አካባቢ ከሚወርደው አትባራ ጋር የሚቀላቀለው ከዚህች ከተማ በላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ በግድብ ታሰረ፤ ውሃውም በቦይ ወደ ቡጣና ሜዳ ተመራ። በሜዳውም 25 መንደሮች ባንድ ጊዜ ተሠርተው 50,000 ያህል ሕዝብ ከሩቅ አገር መጥቶ ሰፈረባቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድን መንደር ከመሠረቱ እስከ ጣራው በአንድ ባለቤት ዕቅድ መሥራት ቀድሞም የነበረ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ታይተስ ሶልት የተባሉት የሱፍ ፋብሪካ ባለጸጋ፣ የብራድፎርድን ከተማ ጢስና የኮሌራ በሽታ ካዩ በኋላ፣ በ1853 ከከተማው ውጭ በኤር ወንዝ ዳር ታላቅ ፋብሪካ ከፈቱ። በዙሪያውም 800 ያህል ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የመጠጥ ቤት ግን አልፈቀዱም። መንደሩ በስማቸውና በወንዙ ስም ሶልቴር ተባለ፤ መንገዶቹም በልጆቻቸው ስም ተጠሩ። ሠራተኛው ከቀድሞው በጣም የተሻለ ኑሮ አገኘ፤ ነገር ግን ደመወዙም፣ ቤቱም፣ የመንደሩም ደንብ ከአንድ ሰው እጅ የሚገኝ ሆነ።

በኸሽም ኤል ቂርባ የመሥራቹን ስፍራ የያዘው የሱዳን መንግሥት ነበር። በኅዳር ወር 1959 ግብጽና ሱዳን ስለ አባይ ውሃ በተዋዋሉት ውል መሠረት የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ፣ የዋዲ ሐልፋ አውራጃ በውሃ የሚጥለቀለቅ ሆነ። ስለዚህም ግብጽ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ልትከፍል ተስማማች። ለሕዝቡ መስፈሪያ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ከተመረመሩ በኋላ፣ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥት ኸሽም ኤል ቂርባን መረጠ። ከአባይ ዳር መራቅን ያልወደደው የሐልፋ ሕዝብ በጥቅምት 1960 ተቃውሞውን በአደባባይ ገለጸ፤ ቁጣውም እስከ ኻርቱም ደረሰ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

ጓዙን ሁሉ የማንሣቱ ሥራ የወደቀው በወረዳው ኮሚሽነር በሐሰን ደፍዐላህ ላይ ነበር። ቤቱና የተምር ዛፉ ሁሉ ለካሣ ተቈጠረ፤ የባቡሩም ጕዞ በመንደር በመንደር ተደለደለ። በጥር ወር 1964 የመጀመሪያው ባቡር የፋረስን ሰዎች ይዞ ተነሣ፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይም ተጕዞ ወደ አዲሱ ሰፈር ደረሰ። እኒህ ሹም ያዩትንና የሠሩትን ሁሉ ጽፈው በማቈየታቸው፣ በ1975 የታተመው መጽሐፋቸው ዛሬም ለአስተዳደር ሰዎች ጠቃሚ ትምህርት ነው። ከሕዝቡ መካከል ግን ጥቂቶች አንለቅም ብለው፣ ውሃው በጨመረ ቍጥር ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በዚያው በሐልፋ ቀሩ።

በአዲሱ ሰፈር ቤቶቹ በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠሩ፣ በመልክም አንድ ዓይነት ነበሩ። መንደሮቹም ስም ሳይሆን ከ1 እስከ 25 ቍጥር ተሰጣቸው፤ ነዋሪዎቹ ግን የቀድሞውን የመንደራቸውን ስም ይዘው መጡ። ለእርሻ ለተመዘገበው ገበሬ 15 ፌዳን መሬት ተሰጠው፤ ይኸውም 5ቱ ለጥጥ፣ 5ቱ ለስንዴ፣ 5ቱ ለለውዝ ነው። ምን እንደሚዘራና ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነበር። በሐልፋ የራሱን ጥቂት መሬትና የተምር ዛፉን በፈቃዱ ያስተዳድር የነበረው ሰው፣ በዚህ የመሥሪያ ቤት ተከራይ ሆነ። ብዙዎችም እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ወደ ከተማ ለሥራ ሄዱ።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ መካድ የለበትም። የስኳር ፋብሪካ ተቋቋመ፤ አዲስ ሐልፋም የጥጥ፣ የለውዝና የስኳር ነጋዴ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ሆነች። በሌላ ወገን ግን ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ የሹክርያና የሌሎችም ዘላን ነገዶች ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ነበር። ለእነርሱም በኋላ የእርሻ ድርሻ ቢሰጣቸው፣ የግጦሹ መጥበብ በዘላንና በገበሬ መካከል የረዥም ጊዜ ክርክር አስከተለ።

ከሁሉ የከበደው ችግር በውሃው ውስጥ ነበር። ወንዙ ከደጋው የሚያወርደው አፈር በግድቡ ውስጥ እየተኛ፣ በመጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረውን ማጠራቀሚያ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ወደ እኩሌታው አወረደው። በክረምት ጎርፍ የግድቡን በሮች ከፍቶ ደለሉን ማጠብ ቢሞከርም፣ የተኛውን ሁሉ ማስወገድ አልተቻለም። ውሃ ሲያንስ ማሳ ጦም አደረ፤ ጦም ባደረውም ማሳ ሜስኪት የተባለው እሾኻም ዛፍ ተስፋፋ። በ2017 ከኸሽም ኤል ቂርባ በላይ፣ በአትባራና በሰቲት ላይ የተመረቁት መንታ ግድቦች የተሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው የውሃ እጥረት ነው።

ታይተስ ሶልት በ1876 ዐረፉ፤ ፋብሪካቸውም በ1986 ተዘጋ። መንደሩ ግን ከባለቤቱም ከፋብሪካውም በኋላ ጸንቶ ቆየ፤ ቤቶቹ ቀደም ብለው ከፋብሪካው ባለቤትነት ወጥተው ነበርና። በ2001ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የአዲስ ሐልፋም መንደሮች፣ ያቀዳቸው የጄኔራል አቡድ መንግሥት ሰዎቹ በገቡበት በዚያው በ1964 ከሥልጣን ቢወርድም፣ አልፈረሱም። በሁለቱም አገር መሥራቹ አልፏል፤ ነዋሪው ቀርቷል። ስለዚህ መንደር የሚሠራ አስተዳዳሪ፣ ካፒታሉንም የሚያወጣ ነጋዴ፣ የቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከ30 ዓመት በኋላ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ ወጪውንም ማን እንደሚችል፣ በዚያም ጊዜ ነዋሪው በጕዳዩ ላይ ምን ድምፅ እንደሚኖረው፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይጣል አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።