ሰሊጥ ሲደርስ፦ የቆላ እርሻ ሠራተኞችና የኮንዶም ጉዳይ

ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። የፍሬው ማቀፊያ ሲደርቅ ስለሚፈነዳ በቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል። በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣት ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ለዚህ ነው። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ በረሃ የሚከርሙትን የአካባቢው ሰው «ሳሉግ» ይላቸዋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ኮንዶም ያልተሰበከበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ በአገር ደረጃ ከ100 አዋቂ ቫይረሱ ያለበት 1 ገደማ ነው፤ አማካይ ቁጥር ግን የቆላውን እርሻ አያሳይም። ለእኔ ዋናው ችግር አለማወቅ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው። ሠራተኛው ለሳምንታት ዛፍ ሥር ወይም ዳስ ውስጥ ያድራል። የኮንትራቱን ገንዘብ ባንዴ ሲቀበል ገንዳ ውሃ ወይም አብደራፊ ከተማ ይገባል፤ መጠጥ ቤቱም አልጋውም እዚያ ይጠብቁታል። ነጻ ኮንዶም ያለበት ጤና ጣቢያ ግን ከብዙዎቹ እርሻዎች ሩቅ ነው። ጨምሮ እየከፈለ ሴተኛ አዳሪዋን ያለ ኮንዶም የሚጠይቅ ደንበኛም አለ፤ የቤት ኪራይ የደረሰባት ሴት እምቢ ካለች የዕለት ገቢዋን ታጣለች።

በዚህ ላይ ካላዛር አለ። በሽታውን የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ያስተላልፋል፤ ካልታከመ ይገድላል። ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ሲይዝ ሕክምናው ይከብዳል፣ ከዳነም በኋላ ደጋግሞ ያገረሽበታል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በብዛት ከሚገናኙባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ይህ ቆላ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችም አብደራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክሙ ቆይተዋል።

የተሻሻለ ነገር አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የ6 ወር መድኃኒት ይዞ መሄድ ይችላል። ለወቅት ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቀረው የአሠሪው ድርሻ ነው። እህልና ውሃ ወደ እርሻው የሚያመላልሰው ትራክተር አጎበርና ኮንዶም ሊጭን ይችላል፤ ሙቀት ላስቲኩን ስለሚያበላሸው ጥላ ቦታ ይቀመጥ እንጂ። በክፍያ ቀን ምርመራ ቢኖርም መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰሞኑን ቫይረስ ላያሳይ ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ ሠራተኛው በተመለሰበት የደጋ ቀበሌ መደገም አለበት። እስከዚያ ባልና ሚስት በኮንዶም እንዲጠቀሙ የሚያስረዳ ባለሙያም ያስፈልጋል፤ ባል ይህን ለሚስቱ ብቻውን መንገር ይከብደዋልና።