ተኝቶም የሚሸሽ እጅ

ልጁ በማደንዘዣ ተኝቷል። ቢጠሩት አይሰማም፤ ሽፋሽፍቱን ቢነኩትም ዓይኑ አይርገበገብም። ሮኩሮኒየም የተባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በደም ሥሩ መግባት ሲጀምር ግን ክንዱን ሰብሰብ ያደርጋል፤ አንዳንዱ መላ ሰውነቱ ይወራጫል። በዚያ ቅጽበት መድኃኒቱ የሚገባበት ካኑላ ከቦታው ሊወጣ፣ በጨጓራው ያለውም ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም።

ሮኩሮኒየም ሲገባ ያማል፤ የሕመሙ ዋና ተጠርጣሪ አሲድነቱ ነው። የመድኃኒቱ ፒኤች 4 አካባቢ ሲሆን የደማችን 7.4 ነው። ታዲያ ለምን አይተውትም? በበቂ መጠን ሲሰጥ በ1 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ያመቻል። በፍጥነት የሚስተካከለው ሌላው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት፣ ሱክሲኒልኮሊን፣ ደግሞ ሳይታወቅ የቆየ የጡንቻ በሽታ ባለባቸው ልጆች፣ በተለይ በወንዶች፣ የደም ፖታሲየምን አንሮ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ሕመሙን ለመቀነስ ብዙ ተሞክሯል፤ ኬታሚን፣ ማግኒዥየም፣ ኦንዳንሴትሮንም ሳይቀሩ። የሚያደነዝዘውን ሊዶካይን ቀድሞ መስጠትና ክንዱን ለጥቂት ጊዜ አስሮ ሊዶካይኑን እዚያው ማቆየት ርካሽና የታወቀ መላ ነው። ፌንታኒልና ሬሚፌንታኒል የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም ይሠራሉ፤ ነገር ግን የልብ ምትን ሊያዘገዩ፣ በፍጥነት ከተሰጡም ደረትን ሊያደነድኑ ይችላሉ። ሮኩሮኒየሙን ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር መቀላቀል አሲዱን ያለዝባል። ቅይጥ ሁሉ ግን ደህና አይደለም፦ ሮኩሮኒየም አልካላይ ከሆነው የማስተኛ መድኃኒት ከታዮፔንታል ጋር በአንድ ቱቦ ሲገናኝ ይረጋና መስመሩን ይደፍናል፤ በመካከሉ በሳላይን ማጠብ ግድ ነው።

እነዚህን መላዎች የፈተኑ ጥናቶች ሲነበቡ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ነቅቶ ያለ አዋቂ “አመመኝ” ይላል። በተኛ ልጅ ላይ የሚመዘነው እንቅስቃሴው ብቻ ነው፦ ምንም፣ የእጅ አንጓ፣ ክንድ፣ መላ አካል። “ሕመሙ ቀነሰ” የሚለው ውጤት በትክክል ሲነበብ “እንቅስቃሴው ቀነሰ” ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ስለመሆናቸው እኔ እጠራጠራለሁ።

ሕመሙን ለመቀነስ በክንድ መታጠፊያ ያለውን ሰፊ የደም ሥር ምረጡ የሚለው ምክርም በአዋቂ ላይ ያምራል። ድንቡሽ ባለ የሁለት ዓመት ልጅ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በእጁ ጀርባ ያለው ቀጭኑ ነው፤ ሊዶካይኑም በኪሎው ተሰልቶ በዚያው ይሰጣል።