ሙኒክ ዊንዶውስን የተወችበት ዘመን

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት ዊንዶውስን ትቶ ሊኑክስ ወደተባለው ሥርዓተ ክወና ለመዛወር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤንቲ 4 የሚሰጠውን ድጋፍ ሊያቆም ስለነበር የከተማዋ ኮምፒውተሮች ሥርዓት መለወጡ አይቀሬ ነበር። የሊኑክስ ኮድ ደግሞ ከዊንዶውስ በተለየ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ ያባዛዋል። የማይክሮሶፍቱ ኃላፊ ስቲቭ ባልመር ራሳቸው ሄደው ከንቲባ ክርስቲያን ኡደን ቢያነጋግሩም ውሳኔውን አላስቀየሩም።

ሥራው አሥር ዓመት ግድም ፈጀ። ከባዱ ሊኑክስን መጫኑ አልነበረም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩትን ፕሮግራሞች፣ በዎርድ የተዘጋጁትን ቅጾችና የደብዳቤ ናሙናዎች መተካቱ እንጂ። በ2013 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ሊሙክስ በተባለው የከተማዋ ሊኑክስ ይሠሩ ነበር። ከውጭ የሚላኩ ሰነዶች መልካቸው ተዛብቶ ሲከፈት ግን ቅሬታው አላባራም፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሊኑክስ ባይሆንም። በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ።

ዣንዳርሜሪ የተባለው የፈረንሳይ ወታደራዊ ፖሊስ ግን ዊንዶውስን ሲተው የተሻለ መንገድ መርጧል። ባልደረቦቹን በዊንዶውስ ላይ እያሉ በሊኑክስም ላይ ከሚሠሩት ከቢሮ ፕሮግራሙ ኦፕንኦፊስና ከድር ማሰሻው ፋየርፎክስ ጋር አላመደ፤ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ማስገባት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2008 ነው።