ከጓደኞቻችሁ ጋር ታላቁ ሩጫን ልትሮጡ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ነገሮች ተስማሙ



ህዳር ሲቃረብ በኢንቦክስ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። «ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ታላቁ ሩጫን ልሮጥ ነው፤ ምንም ልምምድ አላደረግኩም፤ ችግር አለው?» ዛሬ ረዘም ያለ መልስ ልስጣችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ሆነን ለሩጫው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። አንዱ ጓደኛችን ከሐሙስ ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ ራሱንም ያመው ነበር። ቅዳሜ መኪና ውስጥ «እኔ እንኳን ብቀር ይሻላል መሰለኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅንበት። «ቲሸርቱ እኮ ተገዝቷል፣ ባክህ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ተመርቄ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

እሁድ ጠዋት ሁለት ፓራሲታሞልና አንድ ዳይክሎፌናክ ዋጠ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ፊቱም ፈካ አለ። ሮጥን፣ ጨፈርን፣ ፎቶ ተነሳን። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ዞር ስል የለም። ወደ ኋላ ተመልሼ ስፈልገው መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። «የት ነን?» ስለው «አዳማ» አለኝ።

የሕክምና ባለሙያዎች ደርሰው ወሰዱት። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘ፤ የኩላሊት ምርመራውም ከፍ ብሎ ነበር። ጥቂት ቀን ተኝቶ ታከመና ዳነ፤ ዛሬ ደህና ነው። ወባውን ከአዳማ ይዞት ነው የሄደው። እንዲሮጥ ያደረገው ግን የእኛ ሳቅ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ሩጫ እንድትፈሩ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. (በ2001 እ.ኤ.አ.) ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የተሳተፈበት፤ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይወጣል። አብዛኛው ሰው ስቆና ላቡን አንጠፍጥፎ በሰላም ይመለሳል። ከጓደኛ ጋር መሮጥ ደግሞ በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ብቻችሁን ብትሆኑ የምትተኙበትን ጠዋት ጓደኛችሁ ደውሎ ያስነሳችኋል። አትሌቶቻችንም በጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ አንዱ እየመራ ሌላው እየተከተለ ነው የሚለማመዱት። ችግሩ ሌላ ነው። ያው ከአልጋ የሚያስነሳን «ከጓደኞቼ አልቀርም» የሚለው ስሜት፣ ሰውነታችን «በቃኝ» ሲል እንዳንሰማውም ያደርገናል።

ስለዚህ በቡድን ስትሮጡ ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች አብራችሁ አንብቡ።

1. ቀድሞ ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

ከቡድናችሁ ውስጥ ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ሰው ካለ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር፦

- ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚጨንቀው
- እየሮጠ ወይም ስፖርት እየሠራ ራሱን ስቶ የሚያውቅ
- ልቡ ያለ ምክንያት በጣም የሚመታበት
- ከቤተሰቡ በወጣትነቱ (ከ50 ዓመት በፊት) በድንገት የሞተ ሰው ያለ
- የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት
- ነፍሰ ጡር የሆነች

ምንም ምልክት የሌላችሁም ብትሆኑ ግፊታችሁን ተለኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ስለሚቆይ፣ ቁጥሩን የማያውቀው ሰው ብዙ ነው። አስም ያለበት ጓደኛችሁ መሮጥ ይችላል፤ የሚነፋው መድኃኒት ግን ቤት ሳይሆን ኪሱ ውስጥ መሆን አለበት።

2. እያወራችሁ ሩጡ

ሰዓትም አፕሊኬሽንም አያስፈልጋችሁም። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። አንድ ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ። በቡድን ስትሮጡ ይህ በጣም ይቀላል፣ ምክንያቱም የምታወሩት ሰው አጠገባችሁ አለ። ሲያወራ የነበረው ጓደኛችሁ ዝም ካለ እሱን ጠይቁት።

ስምንት ሳምንት ካላችሁ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ሮጣችሁ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ ይህን ለግማሽ ሰዓት ደጋግሙት። ከዚያ የሩጫውን ደቂቃ ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ የእርምጃውን ቀንሱ። በሰባተኛው ሳምንት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ከደረሳችሁ 10 ኪሎ ሜትር አያስፈራችሁም። የመጨረሻውን ሳምንት ቀለል አድርጉት።

የቀራችሁ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነስ? በሁለት ሳምንት ሯጭ መሆን አይቻልም። እየተራመዳችሁ፣ አልፎ አልፎ ዱብ ዱብ እያላችሁ ጨርሱት። ታላቁ ሩጫ ላይ መራመድ ነውር አይደለም፤ ግማሹ ሰው የሚመጣው ለጭፈራው ነው።

አዳማ፣ ባቱ ወይም መተሐራ ለምትለማመዱ፦ ፀሐይ ሳትከር ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሩ። ወደ ወንጂ በሚወስደው ዓይነት መንገድ ዳር የምትሮጡ ከሆነ መኪናው ከፊት እንዲታያችሁ ግራችሁን ያዙ፤ ጎን ለጎን ሳይሆን በሰልፍ ሩጡ። ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን አትድፈኑ።

3. የአዳማ አየርና የአዲስ አበባ አየር አንድ አይደለም

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ባቱም በዚያው ልክ ነው። መስቀል አደባባይ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ከአዳማው በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከመተሐራ የሚመጣ ሰው ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ካለው ቦታ ስለሚነሳ ልዩነቱ ይብስበታል።

ስለዚህ አዳማ ላይ በቀላሉ የምትሮጡበት ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ ልባችሁን ሊያስጮኸው ይችላል። «ምን ሆኜ ነው?» ብላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ከአየሩ ጋር እልህ አትጋቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሆን ብላችሁ ቀስ በሉ። የህዳር ጠዋት ብርዱም እንዳያታልላችሁ፤ ፀሐይዋ ስትወጣ ትከራለች፣ ኮፍያ ያዙ።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ወርዳችሁ የምትሮጡ ደግሞ በአየሩ ትጠቀማላችሁ፣ በሙቀቱ ግን ትፈተናላችሁ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

4. ትኩሳት ካለ ሩጫ የለም

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብ ይኼ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ታላቁ ሩጫ የሚካሄደው በህዳር ነው። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሩጫውና ወባው ይገጣጠማሉ ማለት ነው።

ትኩሳት ያለው ሰው ሲሮጥ ምን ይሆናል? ሩጫ በራሱ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል። ትኩሳቱ ላይ ሲደመር ሙቀቱ አእምሮንና ኩላሊትን እስከሚጎዳ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳቱ ከጉንፋን መሰል ቫይረስ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፤ እንዲህ ባለ ልብ መሮጥ በድንገት ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርደዋል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም። ጓደኛችን ጠዋት ፊቱ የፈካው ስለዳነ አልነበረም።

አፍንጫ ብቻ የሚያፈስ ቀላል ጉንፋን ከሆነ ቀስ ብሎ መራመድ ይቻላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ ተቅማጥ ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ሩጫው ለሚቀጥለው ዓመት ይደር፤ ዛሬ ደም ተመርመሩ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ከታመማችሁ ደግሞ ለሐኪሙ «ከአዳማ ነው የመጣሁት» በሉት፤ ወባን ቶሎ እንዲጠረጥር ያግዘዋል።

5. «ለጥንቃቄ» የሚዋጥ ማስታገሻ

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና መሰሎቻቸው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። እናንተ ደግሞ በሩጫ ላይ እያላባችሁ ነው፣ ደማችሁም ወደ እግር ጡንቻ ሄዷል። ኩላሊት በሁለት በኩል ተጎዳ ማለት ነው። «እንዳያመኝ» ብላችሁ ቀድማችሁ አትዋጡ። ማስታገሻ ካልዋጣችሁ መሮጥ የማትችሉ ከሆነ፣ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ዕረፍት እየጠየቀ ነው።

ስለ ጫትም በግልጽ እናውራ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ማታ ቅሞ፣ ሳይተኛ አድሮ፣ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለልብ ከባድ ጫና ነው። የዋዜማው ቢራም ለድሉ ቀን ይቆይ፤ አልኮል ውኃ ያስወጣል።

6. ምን እንብላ? ምን ያህል እንጠጣ?

ዋዜማው ላይ የለመዳችሁትን ብሉ። ጥሬ ሥጋና ለሆዳችሁ አዲስ የሆነ ምግብ ተዉ። ጠዋት ከሩጫው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ዳቦ በማር፣ ሙዝና ሻይ ይበቃል።

ውኃ ሲጠማችሁ ጠጡ። ሳይጠማችሁ በየደቂቃው መጋት ጥሩ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፤ ሲብስም ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለ10 ኪሎ ሜትር የተለየ መጠጥ አያስፈልግም። ከጨረሳችሁ በኋላ ውኃ፣ ሾርባ ወይም ምግብ ይበቃል።

7. ጓደኛችሁ ቢወድቅስ?

የት እንደወደቀ አስተውሉ።

ሩጫውን ጨርሶ እንደቆመ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ ደም እግር ላይ ስለሚጠራቀም ነው። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ለዚህ ነው ከመጨረሻው መስመር በኋላ ቀጥ ብላችሁ አትቁሙ፣ ተራመዱ የሚባለው።

እየሮጠ ግራ ከተጋባ፣ ከቀባጠረና ሰውነቱ ከጋለ፦ ይህ የሙቀት አደጋ ነው። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉ፣ ብዙ ውኃ አፍሱበት፣ አራግቡለት። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ አትጨምሩ። የሕክምና ባለሙያ ጥሩ።

እየሮጠ ድንገት ከወደቀ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ፦ ልቡ ቆሟል ብላችሁ አስቡ። አንዳችሁ ወደ ሕክምና ቡድኑ ሩጡ፤ አንዳችሁ በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ፤ አንዳችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱ መሃል ላይ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

የኳስ ወዳጆች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ጓደኞቹ ወዲያው ደረሱለት፣ ሐኪሞች ደረቱን ጫኑ፣ ልቡን በኤሌክትሪክ አስነሱት። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። ያዳነው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ነው።

8. የቡድናችሁ ስምምነት

እኛ ከዚያ በኋላ በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ አራት ነገር ለጥፈናል። ቅዱና ተጠቀሙበት፦

- የቡድኑ ፍጥነት የዘገየው ሰው ፍጥነት ነው። መፍጠን የፈለገ ቀድሞ ተናግሮ ይሂድ።
- ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመራለን። አንዱ አንዱን ሳያይ ኪሎ ሜትር አያልፍም። በሕዝቡ ውስጥ ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል።
- እያንዳንዱ ሰው ስልክ ቁጥር፣ ያለበትን ሕመምና የሚወስደውን መድኃኒት በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይይዛል።
- «ዛሬ አልሮጥም» ያለ ሰው አይሳቅበትም፤ ምክንያትም አይጠየቅም።

የመጨረሻው ለእኔ የተጻፈ ነው።

ዘንድሮም ስድስታችንም ተመዝግበናል። ፍጥነቱን የሚወስነው ያ ጓደኛችን ነው። ግፊቱን ተለክቷል፣ ልምምዱንም ከሁላችንም በላይ እየሠራ ነው። «ዘንድሮ ወደ ኋላ ዞር ብዬ የምፈልገው አንተን ነው» ብሎኛል።

እናንተስ ከማን ጋር ነው የምትሮጡት? ይህን ጽሑፍ በግሩፓችሁ ላይ ላኩት፣ አብራችሁም አንብቡት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እንደተለመደው ማታ ማታ እመልሳለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

መልካም ሩጫ፣ ጤና ይስጥልኝ!